ስለ መልክዓ ምድር ውበትና ስለ ፈራጆቹ

ውበት በቁና አይሰፈርም፤ በክንድም አይለካም። ይሁን እንጂ አንድ ስፍራ በሕግ ይጠበቅ ወይስ መንገድና ፋብሪካ ይሠራበት የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ስለ ውበቱ የሚፈርድ ዳኛ ማስፈለጉ አይቀርም። ይህ ዳኛ በየዘመኑ ማን እንደ ነበረ ከብሪታንያ ታሪክ መረዳት ይቻላል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ዳኛ የተማረው መንገደኛ ነበረ። ቄስ ዊልያም ጊልፒን በ1782 ስለ ዋይ ወንዝ ባሳተመው መጽሐፍ አንባቢው አገሩን እንደ ሥዕል እንዲመረምር አስተማረ፤ የቲንተርን ገዳም ፍርስራሽ እንኳ በብልሃት መዶሻ ቢያርፍበት መልኩ ይሻሻል ነበር እስከ ማለት ደረሰ። ሁለተኛው ዳኛ መንግሥት ነው። በ1949 የወጣው የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ የተፈጥሮን ውበት መጠበቅን ዓላማው አደረገ፤ በ1951ም ፒክ ዲስትሪክት የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ነገር ግን ሕጉ የውበትን መለኪያ አልደነገገም፤ ፍርዱም በአብዛኛው በባለሙያዎች ዓይን ላይ ተጣለ።

ተመልካቹን ራሱን መጠየቅ ይሻላል ያሉት የአሜሪካ ሊቃውንት ዳንኤልና ቦስተር ናቸው። በ1976 ባወጡት ጥናት የደን ፎቶግራፎችን ለሰዎች እያሳዩ ባለ 10 ደረጃ ነጥብ አሰጡ። ይህን የመሰለ ዘዴ በ2009 በብሪታንያ ወደ ኢንተርኔት ተሸጋገረ። «ሲኒክ ኦር ኖት» የተባለው መድረክ፣ በጎ ፈቃደኞች በየአንድ ካሬ ኪሎ ሜትሩ ካነሷቸው ፎቶግራፎች ከ200,000 በላይ የሚሆኑትን ለሕዝብ ፍርድ አቀረበ፤ የፈለገ ሁሉ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ሰጠ። የዎሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ይህን መዝገብ ከሕዝብ ቆጠራ ጋር አመሳክረው፣ ውብ በተባሉ ስፍራዎች የሚኖሩ ሰዎች ጤንነታቸው የተሻለ መሆኑን እንደሚናገሩ አገኙ፤ የኑሮ ደረጃ ልዩነት ከታሰበ በኋላም ግንኙነቱ አልጠፋም። በ2017 ደግሞ ሣር የለበሰ ሜዳ ሁሉ ውብ እንደማይባል፣ ግንብና ድልድይ ግን ሊወደዱ እንደሚችሉ አሳዩ።

ስለዚህ ዳኝነቱ ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ ለብዙዎች መድረሱ ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ይቀራል። ነጥብ ሰጪው ስፍራውን የሚያየው ፎቶግራፍ አንሺው በመረጠለት ማዕዘን ብቻ ነው፤ መዝገቡም ፈራጁ የስፍራው ነዋሪ ይሁን እንግዳ አይለይም። በ2017 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ሌክ ዲስትሪክትን እንመልከት፤ መንገደኛው የሚያደንቀው የድንጋይ ካብና የተጋጠ ተራራ የበግ አርቢዎች የዘመናት ሥራ ነው። በዚህ መዝገብ ግን የአርቢው ድምፅ፣ ቢሰጥም እንኳ፣ ከሩቅ ተመልካች ድምፅ ተለይቶ አይታወቅም።

እንግዲህ የሰውን ኑሮ የሚያጠና ባለሙያ የዚህን ዘዴ ቍጥር ሊንቅ አይገባውም፤ በእርሱ ብቻም ሊረካ አይገባውም። ፎቶግራፉን ይዞ ወደ ስፍራው ሄዶ ባለቤቱን «አንተስ ምን ታይበታለህ?» ብሎ መጠየቅ የእርሱ ፈንታ ነው። ያለዚያ አንድን አገር ውብ ያደረገው ሰው፣ ስለ ውበቱ በሚደረገው ውሳኔ እንደ እንግዳ ይቈጠራል።