ኦዲሴዩስ እስኪመጣ

ስሙኝማ! ታሪኩ የሚጀምረው የባሕሩ አምላክ ከቤቱ ወጥቶ ሳለ ነው። ስሙ ፖሲዶን ነው፤ ቂሙን የማይረሳ አምላክ። ኦዲሴዩስ የሚባል የኢታካ ንጉሥ አንድ ዓይናውን ልጁን ስላሳወረበት፣ ያን ሰው ባሕር ላይ ሲያንከራትተው ኖሯል። በዚያች ቀን ግን ፖሲዶን ሩቅ አገር ለግብዣ ሄዷል። የት ቢሉ፣ ኢትዮጵያውያን ዘንድ! ኮርማና በግ ታርዶለት ከድግሱ መካከል ተሰይሟል። እሱ ዞር ሲልላቸው ሌሎቹ አማልክት ተሰበሰቡና ሰውየው አሁንስ ወደ አገሩ ይግባ ብለው ቆረጡ።

የጥንቱ ግሪክ ባለቅኔ ሆሜር «ኦዲሲ» በተባለው ግጥሙ ይህን ያለው ከ2,700 ዓመት ገደማ በፊት ነው። የሆሜር ኢትዮጵያውያን የዛሬው ካርታ የሚያሳየን ሕዝብ ብቻ አይደሉም። ግሪኮች በዓለም ዳር፣ ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት ይኖራሉ የሚሏቸውን ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ በዚያ ስም ይጠሩ ነበር። ይህን ባውቅም ደስታዬ አይቀንስም። የኦዲሴዩስ መንገድ የተከፈተው በዚያ ድግስ ምክንያት ነውና።

እንግዲህ ክሪስቶፈር ኖላን ይህን ታሪክ ፊልም አድርጎታል። «ዘ ኦዲሲ» ሐምሌ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲኒማ ቤት እንዲገባ ቀን ተቆርጦለታል። ማት ዴመን ኦዲሴዩስን፣ አን ሃታዌይ ሚስቱን ፔኔሎፔን፣ ቶም ሆላንድ ልጁን ቴሌማኮስን ይጫወታሉ። ዜንዳያና ሮበርት ፓቲንሰንም አሉበት። ቲኬቱ በአንዳንድ አዳራሾች መሸጥ የጀመረው ከዚያ ቀን ልክ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ 2017 ነበር። ከሚመጡት ፊልሞች ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ፣ ሳላመነታ ይሄን እላለሁ።

ለምን? መጨረሻውን እኮ ሁሉም ያውቀዋል! ሰውየው አሥር ዓመት ትሮይ ላይ ይዋጋል፣ አሥር ዓመት ባሕር ላይ ይንከራተታል፣ በመጨረሻ ቤቱ ይገባል። ሚስቱን ለማግባት አዳራሹን የሞሉት 108 ጎረምሶች መከራቸውን ያያሉ። እኔ የምጠብቀው ምን እንደሚሆን ለማወቅ አይደለም። እንዴት እንደሚተረክ ለማየት ነው፤ ምክንያቱም ኖላን ይህን ፊልም ሳያውቀው ሲሠራው የኖረ ይመስለኛል።

የራሱን «ኢንሴፕሽን» አስታውሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣውን። ሰውየው ያን ሁሉ ሕልም የሚያቋርጠው ልጆቹ ወዳሉበት ቤት ለመግባት ነው። «ኢንተርስቴላር»ን ደግሞ አስታውሱ፤ 2014። አባት ከሩቅ ዓለም ውኃ ላይ ለጥቂት ሰዓት ቆይቶ ወደ መርከቡ ሲመለስ ምድር ላይ 23 ዓመት አልፏል። ከስክሪኑ ፊት ይቀመጥና ልጆቹ በየዓመቱ የላኩለትን መልእክት ያያል። ልጆቹ ዓይኑ እያየ ያድጋሉ፤ እሱ ያለቅሳል። ለእኔ ኖላን ከሠራው ሁሉ የሚበልጠው ያ ትዕይንት ነው።

አሁን ወደ ሆሜር ልመልሳችሁ። ኦዲሴዩስ መርከቡም ጓደኞቹም አልቀውበት፣ ፋያክያውያን በሚባሉ ደጋግ ሕዝቦች ደሴት ላይ ይወድቃል። ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ ያበሉታል፣ ያጠጡታል። ከግብዣው መካከል ዴሞዶኮስ የሚባል ዓይነ ስውር ዘፋኝ አለ፤ ክራር የሚመስል መሣሪያውን ይዞ የትሮይን ጦርነት ያዜማል። እንግዳው የሚሰማው የገዛ ራሱን ታሪክ ነው። ሐምራዊ ካባውን ፊቱ ላይ ስቦ ያለቅሳል። ከእራት በኋላ ደግሞ፣ ይገርማችኋል፣ እሱ ራሱ ትሮይ የወደቀችበትን የእንጨት ፈረስ ታሪክ ዝፈንልኝ ብሎ ይለምነዋል! ይዘፍንለታል፤ እንግዳው ባሏ በጦር ሜዳ እንደወደቀባት ሴት ያነባል። ንጉሡ ዕንባውን አይቶ ማን ነህ ሲል ጠየቀው። ኦዲሴዩስ ስሙን የተናገረው እዚህ ላይ ነው። ያ ሁሉ የምናውቀው ጀብዱ፣ አንድ ዓይናው ግዙፍ፣ ጠንቋይዋ ኪርኬ፣ ሙታን አገር፣ ሁሉም ከአፉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አያችሁት? ትርክቱን ከመሃል ጀምሮ ወደ ኋላ መመለስን ሆሜር ያውቅበታል። ከ24ቱ መጻሕፍት በመጀመሪያዎቹ አራት ውስጥ ኦዲሴዩስን አናገኘውም፤ ወሬውን ብቻ እየሰማን ልጁን ተከትለን እንዞራለን። «ሜሜንቶ»ንና «ደንከርክ»ን የሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ታሪክ የት ያገኛል? የዴሞዶኮስ ትዕይንት እንዳይቆረጥ የምመኘውም ለዚሁ ነው። ያ የሚያለቅስ እንግዳና ያ ከስክሪኑ ፊት የተቀመጠ አባት አንድ ሰው ናቸው።

ስለ ካሜራው ጥቂት ልበልና ልለፍ። ፊልሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኢማክስ የፊልም ካሜራ የተቀረጸ የመጀመሪያው የልብ ወለድ ፊልም ነው። ኖላን ራሱ እንደተናገረው በ91 ቀን ከ2 ሚሊዮን ጫማ በላይ ፊልም ቀርጸዋል፤ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ባሕር ዳርን የሚያልፍ። ቀድሞ ይህ እንዳይሆን ያስቸገረው የካሜራው ጩኸት ነበር፤ ተዋንያን ሲነጋገሩ ድምፃቸውን ይውጠዋል። ለዚህ ፊልም ጩኸቱን የሚያፍን አዲስ ሽፋን ተሠራ። አሁን ተዋናዩ ከሌንሱ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆኖ ቢያንሾካሹክም ይሰማል ይላል ኖላን።

ይህ ለማዕበሉና ለግዙፉ ፍጡር ምንም አይደለም። ለአልጋው ግን ሁሉ ነገር ነው! ፔኔሎፔ ሃያ ዓመት ጠብቃለች። ሦስት ዓመት ያህል ለአማቷ መገነዣ እሠራለሁ እያለች ቀን የሸመነችውን ሌሊት ስትፈታ ፈላጊዎቿን አታልላለች። እንዲህ ያለች ሴት መጣሁ ላላት ሁሉ አትከፍትም። ኦዲሴዩስ ፈላጊዎቹን ፈጅቶ ከፊቷ ሲቀመጥ፣ ገረዷን ጠርታ የመኝታ ክፍሉን አልጋ ወደ ውጭ አውጪለት ትላታለች። ሰውየው በቁጣ ይነሳል። አልጋው አይወጣም፤ ከቆመ የወይራ ዛፍ ግንድ ላይ በገዛ እጁ የጠረበው ነው። ይህን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ጉልበቷ ይከዳታል፣ ሮጣ ትጠመጠምበታለች። ይህን ሃታዌይና ዴመን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩት፣ ፊታቸው የሕንፃ ያህል ሆኖ ሲታይ አስቡት!

ከኖላን በፊት ብዙዎች ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ኪርክ ዳግላስ ኦዲሴዩስ ሆኗል፤ ሲልቫና ማንጋኖ ፔኔሎፔንም ኪርኬንም ተጫውታለች፣ ያ ብልህ ሐሳብ ነበር። በ2024 ደግሞ ራልፍ ፋይንስና ጁልየት ቢኖሽ «ዘ ሪተርን» ላይ ተጫውተዋል። አማልክቱንም ባሕሩንም ትቶ የመመለሱን ሕመም ብቻ የያዘ ፊልም ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ እጠብቃለሁ። በዚያው የመገናኘት ሌሊት ኦዲሴዩስ ለሚስቱ መጥፎ ወሬ ይነግራታል፤ እንደገና መሄድ አለበት። ሙታን አገር ያገኘው ነቢይ እንዲህ ብሎታል፦ መቅዘፊያህን ተሸከም፣ ባሕር የማያውቁ፣ ምግባቸውን በጨው የማያጣፍጡ ሕዝቦች ጋ እስክትደርስ ሂድ። አንድ መንገደኛ የተሸከምከውን አይቶ ላይዳ ነው ሲልህ፣ እዚያ ምድር ላይ ትከለው፤ ለፖሲዶን ሠዋና ቂሙ ይብረድ።

ጨዉን እንኳ እናውቀዋለን፤ አሞሌው ከአፋር በግመል ይመጣልን ነበር። ከጣና ርቆ የሚኖር የደጋ ገበሬ ግን እህሉን ሲያዘራ ያን መቅዘፊያ ከአውድማው ዳር ቢያየው፣ ላይዳ ከማለት በቀር ምን ይለዋል? ይህ ንግግር ከፊልሙ ካልተቆረጠ፣ አዳራሹ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ የሚገባው ለእኛ ነው።