የአእምሮ ውጥረትና የጀርባ ሕመም

የአእምሮ ውጥረትና የጀርባ ሕመም ግንኙነት ሲባል በሰው ሐሳብና ኑሮ ላይ የሚደርስ ጫና፣ በተለምዶ «ስትረስ» የሚባለው፣ በአንገት፣ በትከሻ፣ በጀርባና በወገብ ላይ ከሚሰማ ሕመም ጋር ያለው ትስስር ማለት ነው። ውጥረት ብዙውን ጊዜ የሕመሙ ብቸኛ መነሻ አይደለም። ሕመሙን ከሚያበረቱትና ቶሎ እንዳይለቅ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ መሆኑ ግን በሕክምናው ዓለም ተቀባይነት አለው። «ከጭንቀት ነው» ማለት «የውሸት ነው» ማለት እንዳልሆነም ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሕመምተኛው የሚሰማው ሕመም እውነተኛ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው። ከወገብ ሕመም 90 ከመቶ ያህሉ ስብራት፣ ዕጢ ወይም ኢንፌክሽንን የመሰለ ተለይቶ የሚታወቅ ምክንያት አይገኝለትም። የውጥረት ነገር በይበልጥ የሚነሳው በዚህኛው ክፍል ነው።

በሰውነት ውስጥ የሚሆነው

የሚያስፈራ ነገር ሲያጋጥም ከኩላሊት በላይ ያሉት የአድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ይረጫሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል። አሜሪካዊው ሐኪም ዋልተር ካነን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ይህን ሁኔታ ለመታገል ወይም ለመሸሽ የሚደረግ ዝግጅት ሲል ገልጾታል። ማታ በመንገድ ላይ ጅብ ላጋጠመው ሰው ዝግጅቱ ጠቃሚ ነው፤ ይሮጣል ወይም ድንጋይ ያነሳል፣ ከዚያም ጡንቻው ይላላል። የቤት ኪራይ፣ ዕዳ ወይም የመልቀቂያ ፈተና ግን ተሮጦ አይመለጥም፤ ስለዚህ ውጥረቱ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

በኤሌክትሮድ በተደረጉ ልኬቶች፣ ተቀምጠው ከባድ የሒሳብ ጥያቄ በቃል እንዲሠሩ የተደረጉ ሰዎች ምንም ሸክም ሳይሸከሙ ከአንገት እስከ ትከሻ የተዘረጋው ትራፔዚየስ የተባለው ጡንቻቸው እንቅስቃሴ ጨምሮ ታይቷል። ስዊድናዊው ተመራማሪ ዮራን ሄግ በ1991 እ.ኤ.አ. ያቀረበው መላ ምት ደግሞ በአንድ ጡንቻ ውስጥ መጀመሪያ ሥራ የሚጀምሩት ትንንሽ ክሮች መጨረሻ ላይ እንደሚያርፉ፣ ስለዚህም እነሱ ቀድመው እንደሚጎዱ ይናገራል። ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ከሁሉ ኋላ በምትተኛው የተረት ልጅ ስም «የሲንደሬላ መላ ምት» ተብሏል።

ይሁንና የጡንቻ መወጠር ብቻውን ለወራት የሚቆይ ሕመምን አያስረዳም። በዚያ ጊዜ ዋናው ነገር የነርቭ ሥርዓቱ ነው። ሕብለ ሰረሰርና አንጎል የሕመም መልእክትን ማጉላትም ማዳከምም ይችላሉ፤ ፍርሃት፣ እንቅልፍ ማጣትና ተስፋ መቁረጥ ወደ ማጉላቱ ያዘነብላሉ። ሌባን እንዲከላከል የተገጠመ የመኪና ደወል ድመት ስትነካውም እንደሚጮኽ ዓይነት ነው። በዚህ ላይ ፍርሃት ይታከልበታል። ወገቡ «ይበጠስብኛል» ብሎ የሚሰጋ ሰው መጎንበስ ይተዋል፣ ይተኛል፤ በመተኛቱ ጡንቻው ይደክማል፤ በትንሽ እንቅስቃሴም ያመዋል፤ ስጋቱ ትክክል የነበረ ይመስለዋል። ይህን ዑደት ዮሐን ቭላየንና ስቲቨን ሊንተን በ2000 እ.ኤ.አ. በሰፊው ተንትነውታል።

በአማርኛ ብስጭት የሚያያዘው በአብዛኛው ከጨጓራ ጋር ነው፤ «ጨጓራዬን ላጠው» ይባላል። ወገብን ሲያም ግን ቀድሞ የሚጠረጠረው ሸክም፣ ብርድ ወይም ኩላሊት ነው።

ጥናቶች

ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በቦይንግ የአውሮፕላን ፋብሪካ 3,020 ሠራተኞችን ለአራት ዓመት ያህል የተከታተለው ጥናት ነው። ውጤቱ በ1991 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ በሥራቸው ፈጽሞ ደስ አይሰኙም ለማለት የሚቻሉት ሠራተኞች ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ደስ ከሚሰኙት 2.5 እጥፍ ያህል የጀርባ ጉዳት አመልክተው ተገኝተዋል። ጥናቱ የቆጠረው ሠራተኞቹ ለአሠሪው ያቀረቡትን ማመልከቻ እንጂ ጉዳቱን ራሱን ስላልሆነ፣ ሥራ መጥላት ጀርባን ያሳምማል ብሎ መደምደም አይቻልም።

በዚያው ዓመት የኒው ዮርኩ ሐኪም ጆን ሳርኖ አብዛኛው የጀርባ ሕመም ከታፈነ ቁጣ እንደሚመጣ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉን አንብበው እንደዳኑ የሚናገሩ ብዙ ናቸው፤ ሐሳቡ ግን በቂ ማስረጃ ስለሌለው በሐኪሞች ዘንድ በሰፊው ተቀባይነት አላገኘም። በአሜሪካ ኮሎራዶ 151 ሰዎች የተሳተፉበትና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ የተሻለ መሠረት አለው። ሕመማቸው አደገኛ አለመሆኑን አንጎላቸው እንዲማር ለአራት ሳምንት ከሠለጠኑት ውስጥ 66 ከመቶው ከሕመም ነፃ ወይም ለነፃ የቀረቡ ሲሆኑ፣ የማስመሰያ መርፌ ከተሰጣቸው 20 ከመቶ፣ በተለመደው ሕክምና ከቀጠሉት 10 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ተሳታፊዎቹ ሕመማቸው ቀላል ወይም መካከለኛ የነበረ ሰዎች ናቸው።

ምርመራ

ኤምአርአይ ብዙውን ጊዜ መልስ ከመስጠት ይልቅ ያስፈራል። ምንም ሕመም የሌለባቸው 3,110 ሰዎች ምስል ተሰባስቦ ሲታይ፣ በ20 ዓመት ዕድሜ 37 ከመቶ፣ በ80 ዓመት 96 ከመቶ የሚሆኑት ዲስካቸው ያረጀ ሆኖ ተገኝቷል። «ዲስክህ አርጅቷል» የሚል ወረቀት ይዞ የወጣ ሰው ይህን ካልሰማ፣ ወረቀቱ ራሱ አዲስ ጭንቀት ይሆንበታል።

በሌላ በኩል ሳይመረመሩ «ጭንቀት ነው» ማለት አደጋ አለው። በኢትዮጵያ የአከርካሪ ቲቢ ዛሬም አለ፤ ቀስ ብሎ የሚጀምር የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ምልክቶቹ ናቸው። የእግር መዛል፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበትን ሰው ወጌሻ ጋ ወስዶ ጀርባውን ማሸትና መሳብ ጉዳቱን ሊያብስ ይችላል።

ሕክምና

አደገኛው ምክንያት ከሌለ፣ ቀድሞ ይታዘዝ የነበረው ለሳምንታት መተኛት አሁን አይመከርም፤ እየተራመዱና የቻሉትን እየሠሩ መቆየት ይሻላል። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ የሲያትል ጥናት 342 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ከ26 ሳምንት በኋላ የዕለት ሥራቸውን የመሥራት አቅማቸው የተሻሻለው፣ አእምሮን የማረጋጋት ሥልጠና ከወሰዱት 60.5 ከመቶ፣ አስተሳሰብና ልማድን የሚያርም የሥነ ልቦና ሕክምና ካገኙት 57.7 ከመቶ፣ በተለመደው ሕክምና ከቆዩት 44.1 ከመቶ ነው። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ሥልጠናዎቹ ግን ቀዶ ሕክምናም ሆነ መድኃኒት አይጠይቁም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የአካል እንቅስቃሴን፣ ትምህርትንና የሥነ ልቦና ሕክምናን ሲደግፍ፣ የወገብ ቀበቶን፣ አከርካሪን መሳብንና ኦፒዮይድ የተባሉትን ጠንካራ ማስታገሻዎች በመደበኛነት መስጠትን አልደገፈም።