ተራራው ዝግባ፣ ሐይቁ ደንገል

ሁሩታ ውስጥ አንድ አናጢ ጋ ቁጭ ብለን ስለ ጀልባ ብንጠይቃቸው መጋዛቸውን አስቀምጠው ከት ብለው ሳቁብን፡፡ «ልጆች፣ እዚህ እኮ ባሕር የለም!» እውነታቸውን ነው፤ ሁሩታ የስንዴና የገብስ አገር ናት፡፡ እኛ ግን የመጣነው ለእንጨቱ ነው፡፡ ከአርሲ ደጋ የሚነሳው የከታር ወንዝ የሚገባው ዝዋይ ሐይቅ ነው፡፡ ሐይቁ ላይ ደግሞ ካለ ጀልባ ገበያም፣ ለቅሶም፣ ሐኪም ቤትም መሄድ የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ የዛይ ሕዝብ፡፡

እና ጥያቄያችን፦ በስተምሥራቅ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ የተሸከመ ተራራ ቆሞ የዛይ ሰዎች ለምን ለዘመናት በደንገልና በፊላ ታንኳ ቀዘፉ?

አንዱ መልስ ፖለቲካ ነው፡፡ ቱሉ ጉዶንና ሌሎቹን ደሴቶች ይዘው፣ መጻሕፍታቸውንና ታቦታቸውን ጠብቀው ሲኖሩ ከባሕር ዳርቻው ሰው ጋር አንዴ ይገበያያሉ፣ አንዴ ይጣላሉ፡፡ በ1878 ዓ.ም. ምኒልክ አርሲን ካስገበሩ በኋላ ነው ብዙዎቹ ወደ የብስ መውጣት የጀመሩት፡፡ ሌላው መልስ ግን መጋዝ ነው (ይሄንን የታሪክ መምህራችን አልነገሩንም)፡፡ መጋዝ ሳይለመድ በፊት ጣውላ የሚገኘው ግንድ ፈልጦ በመጥረቢያ በመጥረብ ነበር፡፡ ከአንድ ትልቅ ዛፍ አንድ ሁለት ጣውላ ቢወጣ ነው፤ የቀረው ፍልጥና ፍቅፋቂ፡፡ ለቤተ ክርስቲያን በር ያዋጣል፣ ለዓሣ ማጥመጃ ግን ማን ይከስራል? ደንገል ታጭዶ ይታሰራል፣ በወራት ውስጥ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ይጣላል፣ ሌላ ይታሰራል፡፡ ጥገና የሚባል ነገር የለም፡፡

ጥገና የመጣው ከጣውላ ጀልባ ጋር ነው፡፡ «የቱ እንጨት?» የሚለው ራስ ምታትም አብሮ መጣ፡፡

ጀልባ የሚበሰብሰው ውኃ ውስጥ ባለው በኩል ይመስላችኋል? ለእኛም መስሎን ነበር፡፡ ሁልጊዜ የሰጠመ እንጨት አየር ስለማያገኝ አበስባሹ ሻጋታ ቶሎ አይበላውም፡፡ ቀድሞ የሚሄደው አንዴ እየረጠበ አንዴ እየደረቀ የሚኖረው፣ የዝናብ ውኃ የሚያቁርበት መጋጠሚያ ነው፡፡ የባሕር ጀልባን ጨው በመጠኑ ይጠብቀዋል፤ የዝዋይ ውኃ ግን ጣፋጭ ነው፡፡

ዝግባ ቀጥ ያለ፣ ለመጋዝ የሚመች፣ ሲላግ የሚያምር ነው፤ ነገር ግን እርጥበት ላይ ቶሎ ይበሰብሳል፡፡ ጥድ በተቃራኒው ያ ደስ የሚል ሽታው የሚመጣበት ዘይት ከብስባሽም ከምስጥም ይከላከልለታል፤ ሳትበሱ ምስማር ብትመቱበት ግን ይሰነጠቃል፡፡ ወይራ ጠንካራ ነው፣ ክብደቱ አይጣል፡፡ ዋንዛ መሐል ላይ ነው፤ ብዙ አይጣመምም፣ ምስጥም አይደፍረውም፡፡ ለጀልባው ጎድን ደግሞ ቀጥ ያለ ጣውላ ቆርጦ ማጉበጥ አያዋጣም፤ ራሱ ጎብጦ ያደገ ቅርንጫፍ ይፈለጋል፣ ጭረቱ ከቅርጹ ጋር እንዲሄድ፡፡ ከሁሉም ውስጠኛው ጠቆር ያለው ክፍል እንጂ የዳሩ ነጭ አይደለም፣ ጉጥ የሌለበት፣ በደንብ የደረቀ፡፡

ችግሩ ምን መሰላችሁ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በስም የጠራቸው አራት ዛፎች ዝግባ፣ ጥድ፣ ኮሶና ዋንዛ ነበሩ፡፡ የጠጋኙ ምኞት በሙሉ! አዋጁ ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ተተክቷል፣ ትልልቆቹ ዛፎች ግን አልተተኩም፡፡ በየደጁ ያለው በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ነው፡፡ ብርታት አለው፤ ሲደርቅ ግን ይጣመማል፣ ይተረተራል፡፡ ጫፍና ጫፉን ቀለም ቀብቶ፣ ጥላ ሥር ደርድሮ፣ ከላይ ድንጋይ ጭኖ ወራት መጠበቅ ይጠይቃል፡፡ ጀልባው የሚያፈስበት ሰው ደግሞ ወራት የለውም፡፡

«ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑስ በምን ይጠግኑታል?» አልናቸው፡፡ ከሱቃቸው ጀርባ ወስደው ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጥድ ቋሚ አሳዩን፡፡ ጥቁር፣ ደረቅ፣ በጥፍር ፋቅ ሲያደርጉት አሁንም የሚሸት፡፡ ስንት ይሸጡታል ብንላቸው «ይሄማ ለበር ተይዟል» ብለው ጆንያውን መለሱበት፡፡