ያለ አዋጅ የተጠመቁት ሼህ

እኔ ሃይማኖቴን መርጬ አልያዝኩትም። በተወለድኩ በአርባ ቀኔ ታቅፈው ወስደው ክርስትና አስነሡኝ፤ ማተብ አሰሩልኝ፤ አድጌም «ክርስቲያን ነኝ» አልኩ። ከአጥራችን ማዶ ይኖር የነበረው እኩያዬ ደግሞ እንደተወለደ አዛን በጆሮው ተባለለት፤ አድጎም «እስላም ነኝ» አለ። ሁለታችንንም የጠየቀን አልነበረም። በኋላ ተማሪ ሳለሁ፣ ማተብ የኋላ ቀርነት ምልክት ተደርጎ ይታይ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ ማተቤን በጥሼ ጣልኩት። መርምሬ፣ አውጥቼ አውርጄ እንዳልል፣ የበጠስኩት ጓደኞቼ ስለበጠሱ ነው። እንግዲህ ያሰርኩትም በሰው ፈቃድ፣ የበጠስኩትም በሰው ፈቃድ መሆኑ ነው።

ይህን የረሳሁትን ነገር ከብዙ ዘመን በኋላ የቀሰቀሰብኝ አንድ የታሪክ ጽሑፍ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክረሚ በ1972 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ያወጣው ሲሆን፣ የሚያወሳውም ስለ አንድ የበጌምድር ሼህ ነው። ሼህ ዘካርያስ ይባላሉ። ስማቸውን ከታሪክ ተማሪዎች በስተቀር የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔም እስከዚያን ቀን ድረስ ሰምቼው አላውቅም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

የሼሁ ታሪክ እንዲገባን አስቀድመን ደብረ ታቦርን ማወቅ አለብን። ይህች ከተማ ስሟን ያገኘችው ክርስቶስ መልኩ ከተለወጠበት ተራራ ነው። ነገር ግን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ የየጁ ሰው ነበሩ፤ የዘር ሐረጋቸውም ከእስልምና የመጣ ነበር። ስለሆነም ከእርሳቸው እስከ ልጅ ልጃቸው እስከ ራስ ዓሊ ድረስ «ክርስትናቸው ከላይ ነው፤ ከውስጥ ሌላ ናቸው» የሚል ሐሜት ቤተ መንግሥቱን ተለይቶት አያውቅም። ቀጥሎ ዐፄ ቴዎድሮስ መጡ። ከከተማዋ አጠገብ ጋፋት ላይ ያሰፈሯቸው ሚሲዮናውያን ወንጌል ሊያስተምሩ መጥተው መድፍ ሠሪዎች ሆነው ቀሩ። ሴባስቶፖልም የተሠራችው በእነዚሁ ሰዎች እጅ ነው። ለማንኛውም በደብረ ታቦር ሃይማኖትና መንግሥት ተለያይተው የኖሩበት ጊዜ ማግኘት ይቸግራል።

ነገሩ የጠነከረው ግን በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ጊዜ ነው። በ1878 ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደረገ። የጉባኤው መነሻ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ለዘመናት ሲያከራክር የኖረው የልደትና የቅባት ጉዳይ ነበር። ሊቃውንቱ ተከራክረው ተዋሕዶ ረታ ተባለ። ያ ሲያበቃ ግን አዋጁ ወደ ሙስሊሙ ዞረ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲጠመቅ ታዘዘ። ሹማምንቱ ደግሞ ወይ መጠመቅ ወይ ሹመት መልቀቅ ነበረባቸው። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ዐፄ ዮሐንስን የክርስትና አባት አድርገው ተጠመቁና ሚካኤል ተባሉ። ኋላ ንጉሥ የሆኑት፣ የልጅ ኢያሱ አባት ማለት ነው። እስከ 1880 ድረስ ወደ 50 ሺሕ የሚሆን ሙስሊም ተጠምቋል የሚል ግምትም አለ።

ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ሰሞን አዘውትረው የሚቀመጡት ደብረ ታቦር፣ ሰመራ በተባለው ቤተ መንግሥታቸው ነበር። የእንግሊዙ ጎርዶን በ1879 የመጣው ወደዚያው ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ሠላሳ ዓመት ያለፈው የካቶሊክ ስብከቱን ትቶ ከአገር እንዲወጣ የተፈረደበት ጣሊያናዊው ጳጳስ ማሳያ (የእኛ ሰዎች «አባ ማስያስ» ይሉት የነበረው) ደብረ ታቦር ላይ ቀርቦ ነበር። ማሳያ በዚያ ዘመን የታዘበውን በኋላ ሲጽፍ አንድ ነገር አስቀርቶልናል። በአዋጅ የተጠመቁት ሙስሊሞች ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው በቀጥታ ወደ መስጊድ ይሄዱና ጥምቀቱን በሼሆቻቸው ያሳጥቡት ነበር ይላል። እርሱ ራሱ የተባረረ ሰው ስለሆነ ምስክርነቱ ምሬት አለበት ቢባል አያስገርምም። ቢሆንም ነገሩ የሰው ጠባይ ነው። ውኃን በውኃ ማጠብ ለሚችል ሰው አዋጅ ምን ያደርገዋል?

ሼህ ዘካርያስ በ1845 ገደማ በዚያው በበጌምድር ተወለዱ። የቦሩ ሜዳ አዋጅ ሲወጣ የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው ነበሩ ማለት ነው። ቁርአን ተምረው፣ አስተማሪ ሆነው፣ በሰቆጣም ይታወቁ ነበር። የተጠመቁት በ1910 በመሆኑ በአዋጁ ዘመን እንዳልተጠመቁ ግልጽ ነው። ሰይፉ በተመዘዘበት ጊዜ ከአባቶቻቸው ሃይማኖት ንቅንቅ አላሉም።

እዚህ ላይ የበጌምድር ሙስሊም መሆን ምን ማለት እንደነበር ለዛሬው የከተማ አንባቢ ማስታወስ ያስፈልጋል። በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ጊዜ ጎንደር ላይ በተደረገ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ተወስኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሮ በዚያው የተቀረጸ ነው። በዚያ አገር ሙስሊም ርስት የለውም። ስለዚህ ነጋዴ ይሆናል፤ ሸማኔ ይሆናል። ሰውን ከሰው የሚለየው ግን ከመሬቱም በላይ ሥጋው ነበር። ክርስቲያን «በስመ አብ» ብሎ የባረከውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም «ቢስሚላህ» ብሎ ያረደውን ክርስቲያን አይቀምስም። ደጋ አገር ላይ «ሃይማኖቱን ለወጠ» ለማለት «ሥጋ በላ» ቢባል ይበቃል። አንድ ሰው የወረሰውን እምነት ሲጥል ከአእምሮው አንድ ሐሳብ አውጥቶ ሌላ መተካቱ ብቻ አይደለም የሚታየው። ከወንድሞቹ ጋር ገበታ አይቀርብም፤ ልጁን ለማን እንደሚድር አያውቅም፤ የሚቀበርበት ቦታ ይለወጣል። እኔ ማተቤን ስበጥስ ያጣሁት ነገር ቢኖር የእናቴን ፊት ብቻ ነው። ማታ እንጀራዬን ግን አልከለከለችኝም።

ሼህ ዘካርያስ ራእይ ማየት ጀመሩ የሚባለው በ1892 ነው። ዓመቱን ልብ እንበል። የክፉ ቀን ማብቂያ ነው። ከ1888 ጀምሮ ከብቱ በደስታ በሽታ አለቀ፤ ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጣ፤ ረኀብና ወረርሽኝ ተከተሉ። ጎንደርን ድርቡሽ አቃጠላት፤ ዮሐንስም በ1889 መተማ ላይ ወደቁ። ሁሉም የየራሱን ጸሎት ጸልዮ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል የረገፈበት ጊዜ ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ አስተዋይ መምህር ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሸመደደውን መጽሐፍ እንደ አዲስ ገልጦ ቢያነብ የሚያስደንቅ አይመስለኝም። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሼሁ ምክንያታቸው ራእዩ እንደሆነ ነው የተናገሩት።

ከሁሉ የሚገርመኝ የሄዱበት መንገድ ነው። ራእይ አየሁ ብለው በማግሥቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን አልሮጡም። ሙስሊም ሆነው ሙስሊሞችን ማስተማር ቀጠሉ። ትምህርታቸው በመጀመሪያ እስልምናን ከውስጡ ማደስ ነበር፤ ማስረጃቸውም ቁርአኑ ራሱ ነው። ቁርአን ስለ ዒሳ ምን እንደሚል የተማረ ሰው ያውቀዋል። ከድንግል መርየም ያለ አባት መወለዱን ይናገራል፤ የአላህ ቃልና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ይለዋል፤ በእናቱ ስም የተሰየመ ሙሉ ምዕራፍም አለ። የአምላክ ልጅ መሆኑን ግን አጥብቆ ይክዳል። ሼህ ዘካርያስ የፊተኛውን ይዘው ወደ ፊት ሄዱ። ሌሎቹ ዑለማ ደግሞ የኋለኛውን እየጠቀሱ መለሱላቸው። ክርክሩ ዋዛ አልነበረም። ተቃዋሚዎቻቸው ዕብድ፣ ከሃዲ እያሉ ከሰሷቸው። ጉዳዩ ከገዢ ፊት ቀረበ። በመጨረሻም ከዐፄ ምኒልክ የማስተማር ፈቃድ አገኙ።

ለተቃዋሚዎቻቸውም ፍርድ መስጠት ይገባናል። የዑለማው ቁጣ የግትርነት ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ገና ትናንት በአዋጅ ሊጠመቅ የነበረ ሕዝብ፣ ዛሬ ከመካከሉ አንድ ሼህ ተነሥቶ ሥራውን በቃል ሲሠራለት ቢያይ፣ «አዋጁ ልብሱን ለውጦ መጣ» ቢል ማን ይፈርድበታል? በወሎ በኩል ሼህ ጦልሐ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ ሰዎች የዮሐንስን አዋጅ እንቢ ብለው ጦር አንሥተው ነበር። እኒሁ ሼህ በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ መንዙማ ይጽፉ እንደነበር ይታወቃል። እነ ሼህ ጦልሐም ሃይማኖታቸውን ከአባት የወረሱት ናቸው። ነገር ግን የወረሱትን ዋጋ ከፍለው እንደገና የራሳቸው አደረጉት። በእኔ ሚዛን ሼህ ጦልሐና ሼህ ዘካርያስ ከሚለያዩት ይልቅ የሚቀራረቡት ይበዛል። ከሁለቱም የሚርቀው ጥምቀቱን በማለዳ ተቀብሎ ማታ የሚያሳጥበው፣ ወይም ደግሞ እንደ እኔ ጓደኞቹን አይቶ ማተብ የሚበጥሰው ነው።

ከራእዩ እስከ ጥምቀቱ አሥራ ስምንት ዓመት አለፈ። በ1910 ሼህ ዘካርያስ በስድሳ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው ገደማ ደብረ ታቦር ላይ ተጠመቁ። ዮሐንስ ያንን ሁሉ ሕዝብ ተጠመቅ ብለው ባስጨነቁበት ዘመን መናገሻ በነበረችው በዚያችው ከተማ ማለት ነው። አሁን ያዘዛቸው የለም። ምኒልክ ታመው አልጋ ላይ ናቸው፤ አዲስ አበባም ማን ይነግሣል በሚል ጭንቅ ተይዛለች። የክርስትና ስማቸው ንዋየ ክርስቶስ ሆነ። ስሙ የዘፈቀደ አይመስልም። በሐዋርያት ሥራ ክርስቶስ አሳዳጅ የነበረውን ጳውሎስን የመረጠበት ቃል በግእዙ «ንዋይ ኅሩይ» የሚል ነው። ተከትለዋቸው የተጠመቁት በሺሕ ይቆጠሩ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለሰባኪ ይመች ነበር። ግን አላበቃም። እነዚህ አዲስ ክርስቲያኖች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ያገኙት ቅዳሴ በግእዝ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ያደጉት በዐረብኛ ነው። ነባሩ ክርስቲያን ክርስትናን የሚያውቀው በጾሙ፣ በማኅበሩ፣ በታቦቱ፣ በነፍስ አባቱ ነው። እነርሱ ክርስትናን ያገኙት መጽሐፍን ከመጽሐፍ አስተያይተው ተከራክረው ነው። «ይህ የት ተጽፏል?» ማለት የለመደ ሰው በር ላይ ሲደርስ ጥያቄውን ጫማው ጋር አውልቆ አይገባም። ጎረቤቱም ቢሆን «አዲስ» ያለውን ሰው ቶሎ አሮጌ አያደርገውም። ከወጡበት ቤት ተለይተዋል፤ በገቡበት ቤትም ገና እንግዶች ነበሩ።

በዚህ መሐል 1916 መጣ። ልጅ ኢያሱ ወደ እስልምና አዘንብሏል ተብሎ ከዙፋን ወረደ። በ1878 በአዋጅ የተጠመቁት ሚካኤልም ለልጃቸው ሲሉ ሰገሌ ላይ ተዋግተው ተማረኩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ክርስቲያን ሆነው፣ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው እንኳ፣ የቤታቸው እምነት እንደገና ተጠረጠረ። በአዋጅ የመጣ ነገር መቼም ከጥርጣሬ ነፃ አይወጣም። ንዋየ ክርስቶስ ይህን ሁሉ በሕይወት ሆነው አይተዋል። ያረፉት በ1920 ነው።

ከእርሳቸው በኋላ ተከታዮቻቸው ተበታተኑ። ብዙዎቹ በነባሯ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀሩ። የአድቬንቲስት ሚሲዮን ደብረ ታቦር ላይ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ጥቂቶቹ «እንደ እኛ መጽሐፍ የሚያነብ መጣ» ባይ ሆነው ወደዚያ ሄዱ። ኤርትራ የነበረው የስዊድን ሚሲዮናዊ ኢቫርሶንም በ1924 ስለ እንቅስቃሴው በውጭ መጽሔት ጽፎ ነበር። የእኛ ሰው ስለ ጉዳዩ በስፋት ሲጽፍ ግን አላየሁም። ክርስቲያኑ ጸሐፊ ለምን እንዳልጻፈ ይገባኛል፤ ሼሁ ክርክራቸው የቁርአን ነበርና ለገድል አይመችም። ሙስሊሙም ለምን እንዳልጻፈ ይገባኛል።

ባለፈው ደብረ ታቦር በሄድኩ ጊዜ ቀኑ ቡሄ ነበር፤ ነሐሴ 13። ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፤ በየደጁ ይዘፍናሉ፤ ሙልሙል ይቀበላሉ። ከእነዚህ መካከል የሼህ ዘካርያስ ተከታዮች የልጅ ልጅ ልጆች ሊኖሩ ይችላሉ ብዬ አሰብኩ። ቢኖሩም ማንም አያውቃቸውም፤ እነርሱም ላያውቁ ይችላሉ። በአርባና በሰማንያ ቀናቸው ታቅፈው ተወስደው፣ ማተብ ታስሮላቸው ያደጉ ናቸው። ቅድመ አያታቸው አሥራ ስምንት ዓመት የተከራከረበትን ነገር፣ ሳይጠየቁ ወርሰውታል።