ኦርኬስትራና ብረት
የናይትዊሽ «ዋንስ» አልበም በሲምፎናዊ ሜታል ታሪክ ውስጥ ያለው ሥፍራ

ሙዚቃ ከኅብረተሰብ ኑሮ ይወለዳል፤ ከኅብረተሰብም ጋር ያድጋል። እረኛው በዋሽንቱ የመስኩን ጸጥታ ሲናገር፣ አጫጁ በሥራ ዘፈኑ የጉልበቱን ምት ሲጠብቅ፣ የፋብሪካ ጢስና ኳኳታ ያሳደገው ወጣትም የራሱን ዘመን ድምፅ ፈልጎ ማግኘቱ አይቀርም። ከሃያኛው ምእት ዓመት አጋማሽ በኋላ በእንግሊዝ የኢንዱስትሪ ከተሞች ብቅ ያለው ሄቪ ሜታል የተባለው ሙዚቃ የዚህ ፍለጋ ውጤት ነው። በአንጻሩ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በነገሥታትና በመሳፍንት አዳራሾች ተኮትኩቶ ያደገ፣ ኋላም ወደ ከተሜው የኮንሰርት ቤት የተሸጋገረ ጥበብ ነው። አንዱ በመብራት ኃይል ይጮኻል፤ ሌላው በእንጨት፣ በጅማትና በትንፋሽ ይናገራል። አንዱ በጆሮ ይወረሳል፤ ሌላው በኖታ ይጻፋል። እነዚህ ሁለት ባሕርያት እንዴት ሊዋሐዱ ይችላሉ? ሲምፎናዊ ሜታል የሚባለው የሙዚቃ ዘርፍ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ታሪክ ነው። ከመልሶቹ ሁሉ ጎልተው ከሚታዩት አንዱ ናይትዊሽ የተባለው የፊንላንድ ቡድን በ2004 ያወጣው «ዋንስ» የተሰኘ አልበም ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፋብሪካ የወጣ ድምፅ

በ1965 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ ቶኒ አዮሚ የተባለ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት በአንድ የብረት ሥራ ፋብሪካ ውስጥ የመጨረሻ የሥራ ቀኑን በመፈጸም ላይ ሳለ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። አዮሚ ግራኝ ስለ ነበረ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚሁ በተጎዳው እጁ ነበር። ሙዚቃን ግን አልተወም። ፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፤ ቀጫጭን ክሮችን መረጠ፤ ኋላም ክሮቹን አላልቶ ቅኝቱን ዝቅ አደረገ። ከዚህ የተገኘው ወፍራም፣ ጨለም ያለና ከባድ ድምፅ እርሱና ጓደኞቹ ያቋቋሙት ብላክ ሳባት የተባለው ቡድን በ1970 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም ለዓለም ተሰማ። የሄቪ ሜታል ታሪክ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ መነሻ የሚያደርጉት ይህንኑ አልበም ነው።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በሴፕቴምበር 24 ቀን 1969፣ በለንደን ሮያል አልበርት አዳራሽ ሌላ ሙከራ ተደርጎ ነበር። የዲፕ ፐርፕል ኦርጋን ተጫዋች ጆን ሎርድ ለቡድኑና ለኦርኬስትራ የደረሰው ባለ ሦስት ክፍል ኮንቼርቶ በሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ታጅቦ፣ በማልኮልም አርኖልድ መሪነት ቀረበ። በድርሰቱ የመጀመሪያ ክፍል ኦርኬስትራውና ቡድኑ እንደ ባላጋራ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ያቋርጠዋል። የዘመኑ ሁኔታም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በተለያየ አቅጣጫ ቀጠለ። የስዊሱ ሴልቲክ ፍሮስት በ1987 ባወጣው አልበም የኦርኬስትራ መሣሪያዎችንና የሴት ድምፅን ከከባድ ጊታር ጋር አሰማ። የስዊድኑ ቴሪዮን በ1996 «ቴሊ» በተሰኘው አልበሙ መዘምራንን የሥራው ዋነኛ አካል አደረጋቸው። በ1999 ደግሞ አሜሪካዊው ሜታሊካ ከሳን ፍራንሲስኮ ሲምፎኒ ጋር በማይክል ኬመን አቀናባሪነትና መሪነት ዝግጅቱን አቀረበ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን በዚህ የመጨረሻ ዝግጅት አብዛኞቹ ዘፈኖች አስቀድሞ የተሠሩና የታወቁ መሆናቸው ነው። ኦርኬስትራው በቆመ ቤት ላይ እንደ ተደረበ ቅብ ነበር፤ ቅቡ ቢያምርም መሠረቱን አልጣለም። ከሥር ጀምሮ ኦርኬስትራን ታሳቢ ያደረገ ግንባታ ገና ይጠበቅ ነበር።

የፊንላንድ አፈር

መልሱ ከዓለም ታላላቅ የሙዚቃ ከተሞች ሳይሆን ከሰሜን አውሮፓ ዳርቻ፣ ከፊንላንድ መምጣቱ ድንገተኛ ነገር አይደለም። ፊንላንድ ለዘመናት በስዊድን፣ ከ1809 እስከ 1917 ደግሞ በሩሲያ ዛር ሥር የኖረች አገር ናት። የሕዝቡ ብሔራዊ ማንነት ከጦር ሜዳ አስቀድሞ በቃልና በዜማ ተገለጸ። ኤሊያስ ሎንሩት የተባለ ሐኪም በካሬሊያ መንደሮች እየተዘዋወረ ከአዝማሪዎችና ከአረጋውያን አንደበት የሰበሰባቸውን ግጥሞች አያይዞ በ1835 «ካሌቫላ» የተሰኘውን ታላቅ የጀግንነት ግጥም አሳተመ። ዣን ሲቤሊየስም ከዚሁ ምንጭ ቀድቶ በ1892 «ኩለርቮ» የተሰኘውን ለኦርኬስትራና ለመዘምራን የተደረሰ ሥራ አቀረበ። በ1899 የደረሰው «ፊንላንዲያ» ደግሞ የዛሩን ጭቆና ለሚቃወመው ሕዝብ የነጻነት መዝሙር ያህል ሆነ። በመሆኑም ለፊንላንዳዊው ኦርኬስትራ የባዕዳን ጌጥ ሳይሆን የአገሩ ታሪክ የተነገረበት አንደበት ነው።

ከዚህም በላይ ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ መንግሥት ለሙዚቃ ትምህርት ቤቶች በሕግ የተደነገገ ድጎማ በመስጠቱ፣ በትናንሽ ከተሞች የሚኖር ልጅም መሣሪያና ኖታ የመማር ዕድል አገኘ። የዚህ ፍሬ በ1990ዎቹ ታየ። አፖካሊፕቲካ የተባለው የአራት ቼሎ ተጫዋቾች ቡድን አባላት በሲቤሊየስ አካዳሚ የተማሩ ሲሆኑ፣ በ1996 የሜታሊካን ዘፈኖች በቼሎ ብቻ ተጫውተው አልበም አወጡ። አሞርፊስ የተባለው ቡድንም በ1994 ካሌቫላን ለሜታል አልበም ግጥም አድርጎ ተጠቀመበት። የኮንሰርት ቤቱና የወጣቱ ሙዚቃ በአንድ የትምህርት ጣሪያ ሥር አድገው ስለ ነበር፣ በመካከላቸው የነበረው ግንብ ቀድሞውንም ዝቅ ያለ ነበር።

ከኪቴ ወደ ለንደን

ኪቴ በምሥራቅ ፊንላንድ ከሩሲያ ወሰን አጠገብ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ናይትዊሽ በ1996 የተመሠረተው በዚህች ከተማ ነው። መሥራቾቹ የኪቦርድ ተጫዋቹና የዜማ ደራሲው ቱኦማስ ሆሎፓይነን፣ ጊታሪስቱ ኤምፑ ቩኦሪነንና ድምፃዊቷ ታርያ ቱሩነን ናቸው። ሆሎፓይነንና ቱሩነን በከተማይቱ ከቡልጋሪያ መጥቶ ከነበረ አንድ የሙዚቃ መምህር ዘንድ ተምረዋል። አንድ መምህር በአንዲት ትንሽ ከተማ የዘራው ዘር የት ድረስ ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ምስክር ማግኘት ያዳግታል።

ቡድኑ በመጀመሪያ ያሰበው ለስለስ ያለ፣ በአኩስቲክ ጊታር የሚታጀብ ሙዚቃ ነበር። የቱሩነን በክላሲካል ሥልጠና የዳበረ የሶፕራኖ ድምፅ ግን ለዚህ ቀጭን አጃቢ ከበደ። ጥበብ ሁልጊዜ የደራሲውን ፈቃድ ብቻ እንደማትከተል ይህ ያሳያል፤ ድምፁ ክብደት ስለ ጠየቀ ቡድኑ ከባድ ጊታርና ድራም አስገባ። ከዚያም በ1997፣ በ1998 እና በ2000 ተከታታይ አልበሞች ወጡ። በእነዚህ ሥራዎች ውስጥ የኦርኬስትራውን ቦታ የሚይዘው የሆሎፓይነን ኪቦርድ ነበር። በ2000 ቡድኑ አገሩን ወክሎ ለዩሮቪዥን ለመቅረብ በተደረገው የማጣሪያ ውድድር የሕዝቡን የስልክ ድምፅ ቢያሸንፍም፣ በዳኞች ፍርድ ምክንያት ሳያልፍ ቀረ። ሕዝቡ የተቀበለውን ሙዚቃ የሙያው ዳኞች ገና በጥርጣሬ ይመለከቱት እንደ ነበር ግልጽ ነው።

በ2001 ቤዝ ተጫዋቹና ድምፃዊው ማርኮ ሂየታላ ቡድኑን ተቀላቀለ። በ2002 በወጣው «ሴንቸሪ ቻይልድ» በተሰኘው አልበም ደግሞ የዮኤንሱ ከተማ ኦርኬስትራ ተሳተፈ። ይህ ልምምድ ነበር ማለት ይቻላል። ለቀጣዩ ሥራ ቡድኑ ወደ ለንደን አቀና፤ በዚያም በፊልም ሙዚቃ ቀረጻ የተካኑ የኦርኬስትራ ባለሙያዎችና መዘምራን በፒፕ ዊሊያምስ አቀናባሪነት ተሰለፉ። «ዋንስ» በጁን 2004 ለገበያ ቀረበ፤ በፊንላንድና በጀርመንም የሽያጭ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

የአልበሙ አሠራር

«ዋንስ» አሥራ አንድ ዘፈኖች የያዘ የአንድ ሰዓት ያህል ሥራ ነው። ስሙ «አንድ ጊዜ» ማለት ሲሆን ተረት የሚጀመርበትን ቃል ያስታውሳል።

የአልበሙን ዋጋ ለመመዘን አስቀድሞ ችግሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በኤሌክትሪክ ማጉያ የሻከረ የጊታር ድምፅ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ቫዮሊኑ፣ ቼሎውና ቀንደ መለከቱ የሚናገሩበትን መካከለኛ የድምፅ ክልል እርሱው ይሞላዋል። ስለዚህ ኦርኬስትራውና ጊታሩ አንድን ነገር በአንድ ጊዜ ለመናገር ቢሞክሩ የሚሰማው ጊታሩ ብቻ ነው። የዊሊያምስና የሆሎፓይነን መፍትሔ የሥራ ክፍፍል ነው። ጊታሩና ድራሙ በአጭር ተደጋጋሚ ሐረግ ምቱን ይይዛሉ፤ ዜማውን አውታሮቹ ይሸከማሉ፤ የነሐስ መሣሪያዎቹ በሐረጉ ማብቂያ ላይ ማኅተም ያሳርፋሉ፤ መዘምራኑም ሥፍራው ሲሰፋ ይገባሉ። ኦርኬስትራው ሲተነፍስ ጊታሩ ዝም ይላል፤ ጊታሩ ሲነሣም ኦርኬስትራው ከበላዩ ከፍ ብሎ ይበርራል።

ይህ አሠራር ከሁሉ ይልቅ የሚታየው አሥር ደቂቃ ያህል በሚፈጀው «ጎስት ላቭ ስኮር» በተሰኘው ሥራ ነው። መዘምራንና ኦርኬስትራ በሙሉ ኃይል ይከፍቱታል፤ ከዚያ ድምፃዊቷ ስንኞቹንና አዝማቹን ታሰማለች። አድማጩ ዘፈኑ ተጠናቀቀ ብሎ በሚጠብቅበት ሰዓት ግን የቡድኑ መሣሪያዎች ወደ ኋላ ያፈገፍጋሉ፤ ኦርኬስትራው ብቻውን ከሹክሹክታ ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ይገነባል። በዚህ ረጅም መካከለኛ ክፍል ውስጥ ቃል የለም ለማለት ይቻላል፤ ትረካው ግን አይቋረጥም። በመጨረሻም አዝማቹ ተመልሶ ሲመጣ ያው የቀድሞው ዜማ ሆኖ ሳለ ክብደቱ ሌላ ነው፤ ምክንያቱም አድማጩ ከእርሱ ጋር ረጅም መንገድ ተጉዟል። ኦርኬስትራው ከዚህ ሥራ ቢወጣ ሥራው ይፈርሳል። ከ1969 ጀምሮ ለተጠየቀው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ኦርኬስትራው ባላጋራም፣ ቅብም ሳይሆን ምሰሶ ሆነ።

የቀሩት ዘፈኖች ልዩ ልዩ መልክ አላቸው። «ኔሞ» የተሰኘውና በስፋት የታወቀው ዘፈን በቀላል የፒያኖ ሐረግ የተመሠረተ ነው፤ ቃሉ በላቲን «ማንም» ማለት ነው። በ«ፕላኔት ሄል» የቱሩነን ጥርት ያለ ሶፕራኖና የሂየታላ የሻከረ ድምፅ እንደ ብርሃንና ጥላ ይፈራረቃሉ። «ክሪክ ሜሪስ ብለድ» የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ከመሬታቸው የተነቀሉበትን መከራ ያነሣል፤ ርእሱም በዲ ብራውን ከተጻፈ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። በዚህ ዘፈን ጆን ቱ-ሆክስ ዋሽንት ይነፋል፤ በላኮታ ቋንቋም ያነበንባል። በኃይለኛው ኦርኬስትራ መካከል አንድ ዋሽንትና አንድ የሰው ድምፅ ብቻቸውን ሲቀሩ የዘፈኑ ቁም ነገር ከቃላቱ ይልቅ በዚያ ብቸኝነት ይሰማል። «ኩኦለማ ተከ ታይተይሊያን»፣ ማለትም «ሞት ከያኒን ይፈጥራል» የተሰኘው ደግሞ በአልበሙ ውስጥ በፊንላንድ ቋንቋ የተዘፈነ ብቸኛው ዘፈን ነው። ለዓለም ገበያ የተሰናዳ አልበም እጅግ የቀረበውን ኀዘን በአፍ መፍቻ ቋንቋው መናገሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። «ዊሽ አይ ሃድ አን ኤንጀል» በዳንስ ቤት ምት ላይ በመመሥረቱ ከሌሎቹ የጥበብ ደረጃ ዝቅ ያለ መስሎ የታያቸው አሉ። በአንዳንድ ሥፍራም የድምፁ ሙላት አድማጩን ዕረፍት ይነሣዋል፤ ሁሉም መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሲናገር የአቀናባሪው ጥንቃቄ ሳይሰማ ያልፋል። ታላቅነት በብዛት ይገኛል የሚለው ፈተና ይህን የሙዚቃ ዘርፍ ዛሬም አልለቀቀውም።

ከድል በኋላ

የአልበሙ ታሪክ በስኬት ብቻ አልተዘጋም። ቡድኑ ከረጅም የዓለም ጉዞ በኋላ በኦክቶበር 21 ቀን 2005 በሄልሲንኪ በታላቅ አዳራሽ የመዝጊያ ዝግጅቱን አቀረበ። ዝግጅቱ እንደ ተፈጸመ የቀሩት አባላት ከእርሷ ጋር መቀጠል እንደማይችሉ የሚገልጽ ደብዳቤ ለቱሩነን ሰጡ፤ ደብዳቤውም ወዲያው ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ብዙ አድማጮች ማንን እንደሚደግፉ ግራ ተጋቡ። በዚያ ምሽት የተቀረጸው ዝግጅት በ2006 ለሕዝብ ሲቀርብ የአንድ ዘመን ፍጻሜ መሆኑን በርእሱ ጭምር አመለከተ።

ይህ መለያየት በጥበብ ዓለም የቆየ ጥያቄን አስነሣ። ሥራው የማን ነው? ዜማውን የደረሰው ነው ወይስ ድምፁን የሰጠችው? ሆሎፓይነን ዜማዎቹን ባይደርስ ቱሩነን የምትዘፍነው አልነበረም፤ የቱሩነን ድምፅ ባይኖር ደግሞ ቡድኑ ገና ከጅምሩ ሌላ መንገድ በያዘ ነበር። ቡድኑ ከ2007 ጀምሮ በሌሎች ድምፃውያን ሥራውን ቀጥሏል፤ ቱሩነንም በስሟ አልበሞች አውጥታለች። ሁለቱም ወገኖች ተደማጭነት አላጡም። ይሁን እንጂ «ዋንስ» ውስጥ ያለው ስምምነት በሁለቱም ዘንድ በዚያው መልክ አልተደገመም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለጥበብም ይሠራል፤ ድሩ ሲፈታ ግን እያንዳንዱ ክር የራሱን ቀለም ይዞ ይቀራል።

በአጠቃላይ ሲታይ «ዋንስ» በአንድ ሌሊት የበቀለ ሥራ አይደለም። ጣቱን ያጣው የበርሚንግሃም ሠራተኛ፣ ግጥም የለቀመው ሐኪም፣ በዛሩ ዘመን ለሕዝቡ የደረሰው ሲቤሊየስ፣ በትንሽ ከተማ ኖታ ያስተማረው መምህር ሁሉ አስተዋጽኦ አድርገውበታል። አልበሙ ለተመልካቹ የሚያሳየው ሁለት የተራራቁ የጥበብ ወገኖች የሚገናኙት አንዱ ሌላውን በመዋጥ ሳይሆን፣ እያንዳንዱ የራሱን ሥራ አውቆ ለሌላው ሥፍራ ሲለቅ መሆኑን ነው። ለኦርኬስትራው ይህ አዲስ አድማጭ አስገኘ፤ ለብረቱ ሙዚቃ ደግሞ ዝም የማለትን ጥበብ አስተማረ።