መጤ ወራሪ ዝርያዎችና የካፋ ደን

በቦንጋና በካፋ ዞን የሚገኘው የተፈጥሮ ደን የዱር ቡና መገኛ ሲሆን፣ በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። ጉሬዛና አንበሳን ጨምሮ ልዩ ልዩ የዱር እንስሳት ይኖሩበታል።

እንዲህ ላለው ደን ከሚያሰጉት አንዱ ከሌላ አገር የሚገባ ወራሪ ዝርያ ነው። እ.ኤ.አ በ1876 ከሰሜን አሜሪካ ወደ እንግሊዝ የገባው ስኩዊረል የተባለ ግራጫ የዛፍ ላይ እንስሳ፣ ምግብ በመሻማትና ገዳይ ቫይረስ በማዛመት የአገሬውን ቀይ ዝርያ ከአብዛኛው ደን አስለቅቋል። በአገራችንም ጣናን የወረረው እምቦጭ ለዓመታት በሰው ጉልበትና በማሽን ቢነቀልም ተመልሶ መብቀሉ አልቀረም።

ለካፋ በቅድሚያ ሊታሰብበት የሚገባው ፓርቲኒየም የተባለው የቅንጬ አረም ነው። አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ያፈራል፤ ዘሩም በተሽከርካሪ፣ በእህልና በከብት ይጓዛል። ሳሩን ስለሚያፍን ሳር በል እንስሳት መኖ ያጣሉ። ጥላ ካለው ጥቅጥቅ ደን ይልቅ በመንገድ ዳርና በተመነጠረ መሬት ላይ በመሆኑ የሚስፋፋው፣ ምንጣሮን መግታት ከአረም ቁጥጥሩ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። በዚህ ረገድ በአሳታፊ የደን አስተዳደር የተደራጁ ነዋሪዎች ድርሻ ከፍተኛ ነው።

አረሙ በታየበት ቀበሌ ከማበቡ በፊት ከነሥሩ ሊነቀል ይገባል፤ ቆዳንና የመተንፈሻ አካልን ስለሚያስቆጣ በባዶ እጅ አይነካም።