የመቀመጥ እርጅና

በእኛ አገር ክረምቱ ሲገባ የየመኗ ኤደን ትጋያለች። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅ ሌሊትም አያስተኛም። መብራት አብዝቶ የሚጠፋውም በሙቀቱ ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የከተማዋ ሴቶች በመብራት መጥፋት ተማረው አደባባይ ወጥተዋል። እናም መብራት ብልጭ ሲል ቤት ያለው ስልክና ፓወር ባንክ ሁሉ ይሰካል፤ እስኪሞላም አይነቀልም። በዚያ ያሉ ስደተኛ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላም ጭንቀት አለባቸው፤ አገር ቤት ያለች እናት ስትደውል ስልኩ ዝግ እንዳይሆንባት።

ታዲያ ለክፉ ቀን ተብሎ ሞልቶ የተቀመጠው መለዋወጫ ስልክ፣ ማንም ሳይነካው፣ ከወራት በኋላ ጉልበት ለምን ያንሰዋል? ባለሙያዎች ይህን «ካሌንደር ኤጂንግ» ይሉታል። «የቀን መቁጠሪያ እርጅና» ብንለው ሰሚው የሚያስበው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት ነው። «የክምችት እርጅና»ም አልሆነልኝም፤ ነገሩ ኪስ ውስጥ ባለ ስልክም ይደርሳልና። እኔ «የመቀመጥ እርጅና» እላለሁ። በመሞላትና በመጉደል ብዛት የሚመጣው ድካም፣ «ሳይክል ኤጂንግ»፣ «የሥራ እርጅና» ይባል።

በስልኩ የሊቲየም አዮን ባትሪ ውስጥ፣ ግራፋይት በተባለው ካርቦን ገጽ ላይ ስስ ቅርፊት አለ። ቅርፊቱ አስፈላጊ ነው፤ ግራፋይቱን ከባትሪው ፈሳሽ ይጠብቀዋል። ግን ባትሪው ባይሠራም ቀስ እያለ ይወፍራል፤ ሲወፍርም ኃይል የሚያመላልሰውን ሊቲየም ይበላል። የተበላው አይመለስም። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል፤ ሙላትም እንዲሁ። በሰፊው በሚጠቀሰው ግምት በ25 ዲግሪ 40 ከመቶ ተሞልቶ ዓመት የተቀመጠ ባትሪ ከአቅሙ 4 ከመቶ ያህል ያጣል፤ በ40 ዲግሪ ሙሉ ሆኖ የከረመ ግን 35 ከመቶ ያህል። ሁለተኛው ለኤደን የሙቀት ወራት ይቀርባል።

«ባትሪ ምንጊዜም ሙሉ ይሁን» የሚለው ምክር ውሸት አይደለም፤ ብዙ ቤት ከሶላር ጋር ለሚያያዘው የእርሳስ ባትሪ ትክክል ነው፤ እርሱ ጎድሎ ከተቀመጠ ይበላሻል። ያንኑ ምክር ወደ ሊቲየም ሲያሻግሩት ነው የሚጎዳው።

ዛሬ ማታ የሚሠራበትን ስልክ ጥግ ድረስ መሙላት ብዙ አይጎዳም፤ በጨለማው ይጎድላል። የሚያሳዝነኝ የማይነካው ነው። እርሱ ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ተዘግቶ፣ ከመስኮት ፀሐይና ከቆርቆሮ ጣሪያ ርቆ ቀዝቀዝ ባለ ጥግ ይቀመጥ። ባዶውን መተውም አይገባም፤ በራሱ ጊዜ እየፈሰሰ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል። በየሁለት ሦስት ወሩ አውጥቶ ማየትና ወደ ግማሽ መመለስ ይበቃዋል።